ግማሽ ቤት በሶዶ

ከወላይታ ሶዶ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለዚያ ጉዞ ያልጠየቀኝ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ገበያ ስወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ እድር ስቀመጥ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዘነበች፣ ቤቱን ገዛሽው?» ገዛሁ እላለሁ። «ስንት ክፍል?» ይሉኛል። ግማሽ ቤት ነው ስላቸው ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ጽፌ ልገላገል ብዬ ብዕር አነሳሁ። ከምታነቡት ውስጥ አብዛኞቻችሁ ሶዶን በዓይናችሁ አታዩዋትም፤ የኔን ዓይን አበድራችኋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። ዛሬ መሥሪያ ቤት ገብተው ቀና ብለው የሚሄዱት ብዙዎቹ ልጅ ሳሉ የኔን ኮሌታ ለብሰዋል። ደረቴ ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ አልችል አለ። ሐኪሙ «ወደ ወይና ደጋ ብትወርጂ ይሻልሻል» አለኝ። ልጄ ምሕረት ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ማስተማር ከጀመረች ዓመቷ ነው። በደወለች ቁጥር «እማ፣ ነይና አብረን እንኑር» ትለኛለች። እኔ ግን በልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ ላልኖር ምዬ ነበር። ዛሬ የልጄ ቤት ነው፣ ነገ የአማቼ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ጓዳ ለመግባት እንኳ ማንኳኳት ይመጣል። ሱቄንና ሁለቱን የልብስ መኪናዎቼን ሸጥኩ። አንዱ ጎን የምኖርበት፣ ሌላው ጎን የሚከራይና እጄን ከሰው የሚያድነኝ ቤት ካገኘሁ ሶዶ እገባለሁ፤ ካላገኘሁ ብርዴን ታቅፌ እዚሁ እቀራለሁ አልኩ። ለዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት የአዲስ አበባ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ጓዜ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ አንድ ፌስታል በሶና ለምሕረት የያዝኩት አዲስ ባና ነበር። ባና ለማታውቁ፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለ እሱ እንቅልፍ የለም። ረዳቱ ባናውን ሲያነሳ «እናቴ፣ በጉ ከነነፍሱ ነው እንዴ?» አለኝ። አንገቴ ላይ እንደ ልማዴ የልብስ መለኪያ ሜትሬ ተንጠልጥሏል። ከሱቁ ሳልሸጥ የቀረኝ እሱ ነበር።

አዲስ አበባ ከአክስቴ ልጅ ዘንድ አደርኩ። «ቤት ለመግዛት ወላይታ ድረስ? እዚህ ኮንዶሚኒየም ተመዝገቢ እንጂ» አለችኝ። ዕጣው እስኪወጣ ደረቴ ይጠብቀኛል ወይ አልኳት። እራት ሽሮ በላን፣ ተሳስቀን ተኛን።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ዝዋይን ስናልፍ ደግሞ ካልሲዬን አወለቅሁ። ሻሸመኔ ላይ ተሳፋሪ ወረደ፣ ሌላ ተሳፈረ። ሀላባ ላይ በመንገዱ ዳር በርበሬ ተሰጥቶ፣ መሬቱ ቀይ ጨርቅ የተዘረጋበት ይመስል ነበር። እንዲያ ያለ በርበሬ በእጄ ባስገባ ብዬ ተመኘሁ፤ ሾፌሩ ግን አልቆመልኝም።

ቦዲቲ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጎማው ፈነዳ። ወረድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኔ ደግሞ ባናዬን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት ሴት አግዳሚ ወንበር ተሸክማ መጣችና ለአሮጊቶቹ ቦታ አሳየችን። ከአሮጊቶቹ መቆጠሬ ቅር ቢለኝም ተቀመጥኩ። ተመልሳ ገባችና በሰፌድ የተቀቀለ ነገር ይዛ ወጣች። እሷ ቦይና ትለዋለች፣ እኛ ጎደሬ የምንለው ነው። የጾም ቀን ስለነበር ደስ ብሎኝ በላሁ። ሒሳቡን ብጠይቃት እጄን ያዘችና ሳቀች። አንድ ተሳፋሪ «ቦይና አይሸጥም፣ የራበው ሰው ቆሞ እያየች ትሸጣለች እንዴ?» ሲል ተረጎመልኝ። እኛም ዘንድ ደግ ሰው አለ፤ ብርዱ ግን በሩን አያስከፍተንም።

ሶዶ የደረስነው ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት። ከበላይዋ ዳሞታ ተራራ ቆሟል፣ ከበታችዋ አገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። የእኛ ከተማ ሜዳ ላይ ስለሆነች ሰው ጎረቤቱን ብቻ ነው የሚያየው። እዚህ ግን ጓሮ የቆመ ሰው ግማሽ ወላይታን ያያል። ምሕረት በባጃጅ ተቀበለችኝ። ኮብልስቶን እየተነጠፈ ነበርና ባጃጁ ሲዘል የኔ ጥርስ፣ የምሕረት ጥርስ፣ የሾፌሩም ጥርስ አብሮ ይንገጫገጭ ነበር። የምትኖረው ከሐጂ ሙዘይን ግቢ ተከራይታ ነው። ሐጂ አባታቸው ከስልጤ መጥተው የተከሉትን ሱቅ ይዘው ያደጉ የጅምላ ነጋዴ ናቸው። ባናዬን አይተው «ይህን ለሶዶ? ወይዘሮ ዘነበች፣ ይህ ለዳሞታ ጫፍም ይበዛል!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በእሳቸው ሳቅ ውስጥ ንቀት አልነበረም።

ሐሙስ

ምሕረት ማቴዎስ የሚባል ደላላ አገናኘችኝ። ምላሱ ፈጣን፣ ጫማው የተወለወለ፣ ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ነው። «እናቴ፣ ኦቶና ሆስፒታል አጠገብ የአስታማሚ ኪራይ አይጠፋም፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ደግሞ የመምህር ኪራይ አይጠፋም። የትኛውን ላሳይ?» አለኝ። ሁለቱንም አልኩት።

የመጀመሪያው ቤት ኦቶና ነበር። «አራት በአራት ነው» ሲለኝ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና ለካሁት። ሦስት ተኩል በሦስት ከሃያ ሆነ። «ሜትሩ ተስቦ ይሆናል» አለ። ይህ ሜትር ስንት ልጅ አልብሷል አልኩት፤ ማንንም አጥብቦም አያውቅም። ሁለተኛው ቤት ያማረ ነበር፤ የይዞታ ካርታው ግን «በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ሂደት ላይ ያለ ካርታ ያልተጨረሰ ቀሚስ ነው፣ ማንም መርፌ ሊወጋበት ይችላል። ሦስተኛውን ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች አንድ በአንድ ወደ ጎን እየሳቡኝ «ቤቱ የኔ ነው፣ ከኔ ጋር ተነጋገሪ» አሉኝ። ሦስቱንም መርቄ ወጣሁ።

ለምሳ ምሕረት ሥጋ ቤት ወሰደችኝ። ከሥጋው ጋር ዳጣ መጣ፤ ዳጣ የወላይታ በርበሬ ነው፣ ከቅመም ጋር ርጥቡን የተፈጨ። «እማ፣ በትንሹ» ስትለኝ ሰማሁ። የሸዋ ሴት በርበሬ ልትፈራ ነው? በእንጀራ ጠቅለል አድርጌ ጎረስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምሕረት ትንገራችሁ፤ እኔ እንባ እንጂ ሌላ አላየሁም። የቤቱ ወጥ ሠሪ አይብ በሳህን ይዛ ሮጣ መጥታ ራሷ አጎረሰችኝ። ምግቡ ሲጣፍጥም ሲያቃጥልም ባለቤቶቹ እኩል ነው የሚደሰቱት።

ዓርብ

የጉዞው ቁም ነገር ይህ ቀን ነው። ያጠፋሁበትም ቀን ነው።

ማቴዎስ ከዩኒቨርሲቲው ብዙ የማይርቅ ግቢ ወሰደኝ። በሩ ላይ ቆሞ «አዬ! አዬ!» እያለ ጮኸ። ደነገጥኩ። «ማን ሞተ?» አልኩት። ሳቀና በወላይትኛ «እናቴ» ማለት ነው፣ ለትልቅ ሴት ማክበሪያ ነው አለኝ። የወጡት ሴት አዬ አስቴር ይባላሉ። ከኔ አሥር ዓመት ቢበልጡ ነው። ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የማይሸሽ ሴት ናቸው። «ና፣ ግባ፣ ቁጭ በል!» አሉኝ። ከኋላዬ የቆመ ወንድ ካለ ብዬ ዞርኩ። ለካ እኔን ነው። የአዬ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁላችንንም እኩል «አንተ» ይላል።

ግቢውን እንዳየሁ ልቤ ደነገጠ። ፊት ለፊት ባለ ሁለት ጎን ዋና ቤት፣ በስተጀርባ ግድግዳቸው ከበሩ መቃን በላይ ደርሶ ጣሪያ ያልለበሱ አራት ክፍሎች፣ ከእነሱ ወዲያ የእንሰት ተክል። ሜትሬን አወጣሁ። አራቱም ክፍሎች አራት በአራት ናቸው፤ አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም። የሠሯቸው ሟች ባላቸው ናቸው። እጅ የሚያውቅ ሰው መሆናቸው ከማዕዘኑ ያስታውቃል፣ እኔ ማዕዘን አውቃለሁ። ካርታው ንጹሕ ነው፣ በአዬ ስም። ይህ ቤት የኔ ነው አልኩ በልቤ።

ማቴዎስ ስልኩ ኔትወርክ አጥቶ ወደ መንገድ ወጣ። ሁለታችን ቀረን። አዬ በጣባ ምግብ አቀረቡልኝ፤ ሙቹዋ ነው አሉኝ፣ ከቆጮ ተሠርቶ በቅቤ የራሰ። ዓርብ ነበርና አልበላም አልኳቸው። ጾም መሆኑን መናገር ረሳሁ፤ ሐሳቤ ሁሉ ቤቱ ላይ ነበር። ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ። እኔ ያንን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ገባሁ፤ «ስንት ይሉታል?» አልኩ።

«መሸጥ የለም» አሉ አዬ። «ኮታ ነው።»

«ምን?»

«ኮታ። አንተም ኮታ፣ እኔም ኮታ።»

ደሜ ፈላ። እኔ ስኳርና ዘይት በኮታ ለመውሰድ ቀበሌ ደጃፍ ጠዋት ተሰልፌ ከሰዓት የተመለስኩ ሴት ነኝ። ሱቄን ሸጬ፣ አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ቤትም በኮታ ነው ልባል? ተነሳሁ። «እማማ፣ ቤት በኮታ ሲታደል ሰምቼ አላውቅም። ስኳር መሰለዎት እንዴ? የሚሸጡ ከሆነ ይሽጡ፣ አለዚያ ሰው አያድክሙ!» ብዬ ወጣሁ። አዬ ጣባውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ማቴዎስን በሩ ላይ አልፌው ሄድኩ። ከኋላዬ ቢጠራኝ አልዞርኩም። ቤት ስደርስ ለምሕረት ነገርኳት፤ እሷም ቃሉን በኔው ፍቺ ነው የሰማችው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ እያስተማረች፣ ግቢ ውስጥ ከሐጂ ቤተሰብ ጋር በአማርኛ እያወራች ወላይትኛ ገና አልገባትም። ሐጂ ግን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ሻያቸው ከብርጭቆው እስኪፈስ ሳቁ። «ምን ያስቅዎታል?» ብል፣ «ነገ አረካ እሄዳለሁ፣ ላሜን ላይ። አብረን እንሂድ። እዚያ አሳይዎታለሁ» ብቻ አሉኝ።

ቅዳሜ

አረካ የሄድነው በሚኒባስ ነው። ከከተማው ወጥተን በእግር ጥቂት ሄደን አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ደረስን። መሬቱ ጠባብ ነው። ነገር ግን አንድ ክንድ እንኳ ባዶ ቦታ የለም፤ እንሰት፣ ቡና፣ ጎደሬ፣ በቆሎ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። እኛ ዘንድ ገብስ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ላይ ይዘረጋል። እዚህ ግን ገበሬው መሬቱን የሚለካው እኔ ጨርቅ እንደምለካው ነው፤ ቁራጭ አያስተርፍም።

ላሚቱ ከቤቱ ጎን ታስራለች፣ ቀይ፣ ወፍራም። ሐጂ በከዘራቸው አመለከቱና «ዳንጊሶ፣ ይህች ላም የማን ናት? ለእንግዳዋ ንገራት» አሉ።

አቶ ዳንጊሶ «የሐጂ ናት» አሉ።

«ውሸቱን ነው፣ የዳንጊሶ ናት» አሉ ሐጂ።

ሁለቱም ሳቁ፤ እኔ መሐል ቆሜ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አያለሁ። ከዚያ ሐጂ አስረዱኝ። ላሚቱ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የአቶ ዳንጊሶ ነበረች። ችግር ሲመጣባቸው ሊሸጧት አልፈለጉም፤ ሐጂ የዋጋዋን ግማሽ ከፈሉና ላሚቱ እዚያው ግቢዋ ቀረች። አቶ ዳንጊሶ ያበላሉ፣ ያጠጣሉ። ቅቤው ለሁለት፣ ጥጃው ለሁለት ነው። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ሊሸጣት አይችልም። «ይህ ነው ኮታ» አሉኝ። «በወላይታ ቃል ድርሻ ማለት ነው። ቀበሌ የሚያድለው አይደለም። አዬ ያለችሽ ቤቴን አንቺና እኔ አብረን እንያዘው ነው። ለባዳ ይህን የሚል ሰው ብዙ አይደለም።»

እሳቸውም በዚያች ቅጽበት «እርስዎ» ማለቱን ትተው «አንቺ» አሉኝ። አልከፋኝም።

ያም ሆኖ ጥያቄ አላጣሁም። ከጋራ ነገር ብዙ ጠብ አይቻለሁ። «ታዲያ ከላሚቱ የትኛው ግማሽ ነው የእርስዎ?» አልኳቸው።

አቶ ዳንጊሶ ናቸው የመለሱልኝ። «ላም በሕይወት እያለች አይቆረጥም» አሉ፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ።

አፈርኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው። እንዲያውም እኔ ያፈሰስኩትን ገና አልለቀምኩም ነበር። ሰውየው አፍለው ያመጡልንን ወተት ጠጣሁ፤ ቅዳሜ ስለነበር ጌታ አተረፈኝ። 

እሁድ

የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ እኔ ካፈርኩ አይመልሰኝ ከሚሉት ወገን ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራ ደንበኛን ይቅርታ የጠየቅሁት ሁለቴ ነው፣ አንዱም ቄስ ስለነበሩ ነው። ያን ቀን ግን ምሕረትን ሳላስከትል ብቻዬን ሄድኩ። አዬ አስቴር ከእሁድ አምልኮ ተመልሰው፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ሳሮ፣ አዬ» አልኩ፤ ከምሕረት ጎረቤቶች የለቀምኳት አንዲት ሰላምታ ናት። መለሱልኝ፣ ግን ተቀመጥ አላሉኝም።

ቆሜ ተናገርኩ። ኮታን በአማርኛው መስማቴን ነገርኳቸው። ዓርብ ጾሜ እንደነበረ፣ ለዚያ ነው ያልበላሁት አልኩ። «ዛሬ ጾም የለም። ያንን የዓርቡን ምግብ ቢሰጡኝ እበላለሁ» አልኩ።

 «ጾም ነው? እኔ የእንሰት ምግብ ናቀ ብዬ ነው» አሉ አዬ። ተነስተው ገቡ። ሙቹዋውን ይዘው ሲመጡ ቅቤው ከዓርቡ በዝቶ ነበር። እስከ መጨረሻው በላሁ። ደግሜም ጠየቅሁ፤ ይሉኝታ አልነበረም፣ ጣፍጦኝ ነው።

ከዚያ ለምን እንደማይሸጡ ጠየቅኋቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ሁለቱም «ሽጪና ነይ» ይሏቸዋል።

«ሐዋሳ ሄጄ ነበር» አሉ። «ሦስት ወር። ልጄ ጥሩ ነው። ምራቴ ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን ማንኪያ ስፈልግ ማንኪያ የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ማንኪያ የት ነው አልኩ። መጣሁ።»

 ደብረ ብርሃን ላይ ለራሴ የማልኩትን መሐላ እኚህ ሴት ከኔ በፊት ኖረውት ተመልሰዋል። አለቀስኩ ብል ውሸት አይሆንም። አዬ ግራ ገብቷቸው «ዳጣ አለበት እንዴ?» አሉኝ።

ከሰዓቱን ሁሉ ሜትር ይዘን ግቢውን ስንዞር ዋልን። በዋናው ቤት ግራው ጎን የእሳቸው፣ ቀኙ የኔ ይሁን ተባባልን። እኔ የምከፍለው ግማሽ ለአራቱ ክፍሎች ጣሪያና ልስን ይውላል፣ ኪራዩ እኩል ለእኩል ነው። የክፍሎቹ በር ወደ ኋላው መንገድ ቢዞር ተከራይ በእርስዎ ደጃፍ አያልፍም አልኳቸው። ይህን ባላቸውም እንዳላሰቡት ተናግረው አደነቁኝ፣ ኮራሁ። እንሰቱ ከተነሳ አምስተኛ ክፍል ይወጣል ስል ግን ሳቃቸው ቆመ። «እንሰት አይነሳም» አሉ። አልተከራከርኩም። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ።

ሰኞ

ዋጋውን የገመቱት ሽማግሎች ናቸው። በኔ በኩል ሐጂ ሙዘይን፣ በአዬ በኩል የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተቀመጡ። የደብረ ብርሃን ኦርቶዶክስ በስልጤ ሐጂ ተወክላ ከሶዶ ፕሮቴስታንት ጋር ስትዋዋል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። ማቴዎስ የደላላነቱ ድርሻ በግማሹ ብቻ ነው ሲባል ፊቱ ቢኮማተርም ምስክር ሆኖ ፈረመ።

ውል ምዝገባ ላይ የተቀበለን ወጣት ጸሐፊ ፎርሙን አወጣና «ሽያጭ ነው፣ ስጦታ ነው፣ ውርስ ነው?» አለ። «ኮታ ነው» አልኩት፣ ራሴ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጸሐፊው ፈገግ አለ። «ለኮታ ቦታ የለውም ፎርሙ፣ ግን እናቴ ላምም በሬም እንዲሁ ነው የያዘችው» አለና አስቦ አስቦ በጋራ የተያዘ ብሎ ጻፈው። ከዚያ ሁለት ፎቶ ተጠየቅን። የኔ በኮብልስቶን አቧራ ፀጉሬ ነጥቶ የተነሳ ፎቶ ነው። የአዬ ደግሞ ቁጣ የሚመስል። ውሉ ላይ ጎን ለጎን ተለጠፉ። ካርታው በሁለታችን ስም ተሠርቶ የሚወጣበት ቀን ተሰጠን፤ የውሉን ቅጂ እኔ ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ከቢሮ እስክወጣ፣ ባጃጅ ውስጥም፣ እራት ላይም አልለቀቅሁትም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ ሰፍቼ በስሜ የተጻፈ ቤት ያየሁት ያን ቀን ነው። ኮርቻለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ?

ማክሰኞ

ምሕረት በሌሊት አትሂጂ ስላለችኝ ረፋድ ላይ የሚነሳ መኪና ያዝኩ፤ ሻሸመኔ አድሬ እሄዳለሁ። ባናው ለሐጂ ተሰጠ፣ ዳሞታ ጫፍ ቢወጡ ይለብሱታል። ሐጂ በተራቸው ለመንገዴ ዳቦና የሀላባ በርበሬ አሲያዙኝ። ምሕረት «አሁን የምትመጪው ወደኔ ነው ወይስ ወደ ቤትሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ቤቴ፣ እሁድ እሁድ አንቺ ትመጪያለሽ አልኳት። ሳቀች፣ ግን ዓይኗ ረጥቦ ነበር።

አዬን ለመሰናበት ሄድኩ። ወሬው ደርሶ ኖሮ የጎረቤት ሴቶች ግቢው ውስጥ ጠብቀውኛል። አንዷ እንቁላል፣ አንዷ የተቀቀለ በቆሎ፣ አንዷ ዳጣ በጠርሙስ ይዛለች። እየሳሙኝ፣ እየመረቁኝ፣ ሻንጣዬን ከእጄ እየነጠቁ እስከ መንገዱ ሊሸኙኝ ተነሱ። አዬ አስቴር ግን ከመደባቸው ላይ ንቅንቅ አላሉም። ቦይና እየላጡ ነው። ቢላዋቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

ደረቴ ጠበበኝ፣ ያሁኑ ደግሞ ከብርዱ አይደለም። ትናንት አንድ ወረቀት ላይ የተለጠፍን ሰዎች ነን። የሦስት ቀን ጎረቤት ሊሸኘኝ ሲነሳ እሳቸው ይቀመጣሉ? አንዷ ሴት ነገሩ ከብዷት በአማርኛ «አዬ፣ እንግዳዋን አይሸኟትም እንዴ?» አለቻቸው።

አዬ ቀና አሉ።

«እንግዳ የት አለ?» አሉ። «እንግዳ ነው የሚሸኝ። ይሄ የቤቱ ባለቤት ነው። ባለቤት ይወጣል፣ ባለቤት ይገባል።» ወደኔ ዞሩና በቢላዋቸው ወደ በሩ አመለከቱ፤ «ሂድ፣ መኪና እንዳያመልጥህ።»

ሻንጣዬን ከሴቶቹ እጅ ተቀበልኩ። በሩን ገፋ አድርጌ፣ ጨው ልትገዛ ሱቅ እንደምትወጣ ሴት፣ «መጣሁ» አልኳቸው።